አዮዋ፦ በእግር የሚመረጥበት ምሽት

አዮዋ ሰው ለሽርሽር የሚሄድበት ስቴት አይደለም። ከምኖርባት ከሚኒሶታዋ ሴንት ፖል በ35 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ስትነዱ፣ አልበርት ሊ ከምትባለው ከተማ በኋላ ድንበሩን ትሻገራላችሁ። ከዚያ ወዲያ ማሳ ብቻ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ በቆሎውም የለም። የታጨደ አገዳ፣ እዚህም እዚያም የቀረ በረዶ፣ ዓይን እስኪደክም የተደረደሩ የነፋስ ተርባይኖች። ስቴቱ ከሚያመነጨው መብራት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእነሱ ነው። ነዋሪው 3 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን አሳማው ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ነፋሱ ወደ መኪናችሁ ሲዞር፣ መስኮት ብትዘጉም አሳማ እንዳለ ታውቃላችሁ።

እኔን ያስኬደኝ ምርጫው ነው። ዴሞክራቶች ትራምፕን የሚገጥምላቸውን ዕጩ መምረጥ የሚጀምሩት ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020 (በእኛ ጥር 25 ቀን 2012) አዮዋ ላይ ነበር። አክስቴ ዴሞይን ትኖራለች። የአሜሪካ ዜግነት አግኝታለች፣ ትመርጣለች። «ሁልጊዜ በስልክ ስለ ፖለቲካ ታደርቀኛለህ፤ መጥተህ በዓይንህ እየው» አለችኝ። እሁድ ጠዋት ተነስቼ ምሳ ሰዓት ላይ ደረስኩ።

ከመሄዴ በፊት ስከታተል የነበረው የፖል (የሕዝብ አስተያየት መለኪያ) ቁጥሮችን ነው። የአዮዋ ሰዎች ያን ጊዜ አንድ የሚያምኑት ፖል ነበራቸው፤ የዴሞይን ሬጅስተር ጋዜጣና ሲኤንኤን የሚያሠሩት፣ አን ሴልዘር የምትመራው። ይኸው ፖል በጁን 2019 ባይደንን አንደኛ አደረገው። በሴፕቴምበር ኤልዛቤት ዋረን መራች። በኖቬምበር ፒት ቡቲጀጅ በ25 በመቶ ብቅ አለ። በጃንዋሪ በርኒ ሳንደርስ በ20 በመቶ ወጣ። አራት ፖል፣ አራት መሪ። ያው ሕዝብ፣ ያው ስቴት!

የመጨረሻው ውጤት ደግሞ ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን ሊነገር ተብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ተሰረዘ። አንድ የተጠየቀ ሰው «የቡቲጀጅ ስም አልተነበበልኝም» ብሎ ቅሬታ አቀረበ። በኋላ እንደተዘገበው ስልክ ደዋዩ የኮምፒውተሩን ፊደል አተልቆት ኖሮ ስሞች ከስክሪኑ ወጥተዋል። እኔ ስደርስ አገሩ ሁሉ ማን እንደሚመራ ሳያውቅ ነበር የሚወራረደው።

የአክስቴ ቤት ስልክ አያርፍም ነበር። እሁድ ማታ የሱፐር ቦል ጨዋታ እያየን እንኳ በሩ ሁለቴ ተንኳኳ። አንደኛዋ ለዋረን የምትቀሰቅስ ልጅ ነበረች፤ ብርድ ላይ ቆማ ከንፈሯ ደርቋል። አክስቴ አስገብታ ሻይ አጠጣቻት። ልጅቷ ስትወጣ «መረጥሽልኝ ማለት ነው?» አለች። አክስቴም ሳቅ ብላ «እናያለን» አለቻት። በኋላ ስጠይቃት ልቧ ባይደን ዘንድ ነው። ምክንያቷ አጭር ነው፤ «የኦባማ ሰው ነው፣ ደግሞ ትራምፕን የሚያሸንፈው እሱ ነው።» እኔ እስካየሁት ግማሹ ዴሞይን የሚያወራው ይህንኑ ነው። ማንን እወዳለሁ ሳይሆን ማን ያሸንፍልኛል። ድጋፉ ወዲያና ወዲህ የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል። ሰው የሚወደውን ቶሎ አይቀይርም። ያሸንፋል ብሎ የገመተውን ግን በአንድ የዜና ምሽት ይቀይራል።

ሰኞ ምሳ ላይ ቲቪው ከኦተምዋ ወሬ ይዞ መጣ። ኦተምዋ ከዴሞይን ደቡብ ምሥራቅ ያለች፣ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ትልቁ ሥራ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ከሰዓት በኋላ ሺፍት የሚገቡ ሠራተኞች ማታ ኮከስ (ሰው በአካል ተሰብስቦ የሚመርጥበት ስብሰባ) መውጣት ስለማይችሉ፣ በቀትር በሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ እንዲመርጡ ተፈቅዶ ነበር። የመጡት 15 ናቸው። 14ቱ ለሳንደርስ፣ አንዱ ለዋረን። ካሜራው ዞር ሲል የሚታየው ፊት የኛ ሰው ነው። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው! አክስቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ «እንዴ! እነዚህ ልጆች የኛ አይደሉም እንዴ?» አለች። አዮዋ ውስጥ የዚያ ቀን የመጀመሪያ ድምፆች በሀበሻ እጅ ሲሰጡ እያየን ሽሯችን ቀዘቀዘ።

ማታ ሄድን። ቦታው የአንድ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። በፈረንጆቹ 7 ሰዓት ላይ ሰልፍ የያዘ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አበቃለት። ፓርቲው ውስጥ ያልተመዘገበ እዚያው መመዝገብ ይችላል። ኖቬምበር ላይ 18 ዓመት የሚሞላው የ17 ዓመት ልጅም ይመርጣል። እኔ የሌላ ስቴት ሰው ስለሆንኩ ታዛቢ ተብዬ ዳር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሳጥን የለም። መጋረጃ የለም። ግድግዳው ላይ የዕጩዎች ስም ተለጥፏል፤ የምትደግፉት ሰው ስም ሥር ሄዳችሁ ትቆማላችሁ። ጎረቤታችሁ ያያችኋል። የልጃችሁ አስተማሪ ታያችኋለች። አለቃችሁም ካለ ያያችኋል። ከ2016ቱ የክሊንተንና የሳንደርስ ጭቅጭቅ በኋላ የሚፈረምበት ካርድ ተጨምሯል እንጂ ዋናው ነገር ያው መቆም ነው። እኛ አገር ያን ጊዜ ነሐሴ ላይ ምርጫ ይደረጋል እየተባለ ነበር። የኛ ሰፈር ሰው እንዲህ በግልጽ ቆሞ ይምረጥ ቢባል ማን ማንን ይመርጥ ነበር እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሕጉ ቀላል ነው። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው 15 በመቶ ያላገኘ ዕጩ ይወድቃል። ደጋፊዎቹ ወይ ወደ ሌላ ይሄዳሉ፣ ወይ ሰው አምጥተው ራሳቸውን ያድናሉ፣ ወይ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። 15 በመቶ ያለፈ ቡድን ግን ተቆልፏል፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም።

ተቆጠረ። ሳንደርስ፣ ቡቲጀጅና ዋረን አለፉ። የአንድሩ ያንግ ልጆች «ሒሳብ» የሚል ቆብ አድርገው ጥግ ላይ ጥቂት ሆነው ቀሩ። የኤሚ ክሎቡሻር ቡድን አራት ሰው ጎደለው። የባይደን ቡድን፣ አክስቴ ያለችበት፣ ሰባት ጎደለው። የአገሪቱ የቀድሞ ምክትል ፕሬዚዳንት በአንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሰባት ሰው አጣ!

ከዚያ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ገበያ ነው። መሪዋ ማይክ ይዛ «ጊዜው ጀምሯል» ስትል ሁሉም ተንቀሳቀሰ። የቡቲጀጅ ሰዎች ወደ ባይደን መሃል ገብተው በጨዋ ድምፅ ይሰብካሉ። የባይደን አስተባባሪ፣ ሸምገል ያለ ሰውዬ፣ ያንግ ጋ ሄዶ ከወጣቶቹ ጋር ይለማመጣል። አንዱ ወጣት ትከሻውን ነቅንቆ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። በቃው። የክሎቡሻር ቡድን ግን ጎበዝ ሴቶች ነበሩት። አንዷ በፕላስቲክ ዕቃ ቤት የጋገረችውን ኩኪስ ይዛ ቀጥ ብላ ወደ አክስቴ መጣች። አክስቴ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አብራት የምትሠራ ነርስ ናት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። እጇን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፈገግ እያለች ታወራታለች። አክስቴ አንዴ የባይደንን ፖስተር፣ አንዴ ሴትዮዋን ታያለች። ፊቷ ላይ የማውቀው ነገር መጣ፤ ይሉኝታ። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። ከኋላዋ አንድ ባልና ሚስት ተከተሉ። ከዚያ አንድ ሌላ ሰው። አራት ሞላ፣ ጭብጨባ ሆነ።

ካርዷን ገልብጣ ሁለተኛውን ስም ስትሞላ ከወንበሬ ይታየኛል። ብዕሯን ሦስቴ ነው የሞከረችው፤ ቀለሙ እምቢ ብሏት።

የባይደን ቡድን ፈረሰ። ገሚሱ ወደ ቡቲጀጅ፣ ገሚሱ ወደ ዋረን፣ የቀረው ወደ ቤቱ። መኪና ውስጥ ገብተን «እንዴት ነው አንቺ?» ስላት «ሰባት ሰው ከየት አመጣለሁ? ነገ ሥራ ቦታ ዓይኗን አያለሁ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ጋዜጠኞች በማግስቱ የመሃል ፖለቲካ ደጋፊዎች ተከፋፈሉ እያሉ ሲተነትኑ አክስቴን አስቤ ነበር። ስለ ርዕዮተ ዓለም ማንም አላነሳባትም።

ቤት ገብተን ውጤት ብንጠብቅ ውጤት የለም። ለኮከሱ የተሠራው የስልክ አፕ አልሠራ አለ፣ በስልክ ልንገር ያለው ሁሉ መስመር ተጨናንቆበት ቀረ። ሌሊቱን ሁሉም ዕጩዎች እየወጡ ያሸነፉ የሚመስል ንግግር አደረጉ። ቡቲጀጅማ አሸናፊነቱን አውጆ ወደ ኒው ሃምፕሻየር በረረ። ሙሉው ቁጥር የተሰበሰበው ሐሙስ ነው። በተወካይ ቁጥር ቡቲጀጅ 26.2፣ ሳንደርስ 26.1 በመቶ፤ በመራጩ ሰው ቁጥር ግን ሳንደርስ በልጧል። ባይደን አራተኛ። የስቴቱ ፓርቲ ሊቀመንበርም ወዲያው ሳምንት ሥራውን ለቀቀ።

ማክሰኞ ወደ ቤት ከመመለሴ በፊት ወደ ኦተምዋ ነዳሁ። አብሮ አደጌ እዚያ ይሠራል። በዲቪ ነው የመጣው። ከተማዋ የዴሞይን ወንዝ ለሁለት የሚከፍላት፣ ቀይ ሸክላ ሕንጻ የበዛባት፣ መሃሏ ጭር ያለ ናት። ከሺፍት ሲወጣ ጠብቄ እሱ ቤት ገባን። እጁን ስጨብጠው የቢላ ሠራተኛ እጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የአሳማ ትከሻ ሲቆርጥ ይውላል። አንድም ቀን ቀምሶ አያውቅም። ጾመኛ፣ ማተብ ያሰረ የሚካኤል ልጅ ነው።

ስለ ምርጫው እንደ ኳስ ውጤት ነው የሚያወራው። «14 ለ 1!» እሱ ራሱ ግሪን ካርድ ስለሆነ አልመረጠም። ለምን ሳንደርስ ስለው የመጣለት ሕክምና ነው። ሥራ ቢለቁ፣ ቢታመሙ፣ ኢንሹራንሱ ከሥራው ጋር አብሮ የሚቀር መሆኑ። «ሌሎቹም ይሉታል እኮ» አልኩት። «ሌሎቹ ሲሉት አልሰማሁም። የበርኒ ልጆች ግን እዚህ መጥተው ነገሩን» አለኝ። ዴሞይን ላይ ሁሉም ማን ያሸንፋል ሲል ሰንብቶ፣ እዚህ ማን መጣልን ሆኖ አገኘሁት። የነዚህ ሰዎች ድጋፍ በሩብ ሰዓት የሚፈርስ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሱታላችሁ። ባይደን ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ወጣ። ኔቫዳን ሳንደርስ ጠራርጎ ወሰደ። አለቀለት ሲባል ሳውዝ ካሮላይና ላይ ኮንግረስማን ጂም ክላይበርን ባይደንን ደገፈ፤ ፌብሩዋሪ 29 ባይደን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድምፅ አገኘ። በማግስቱ ቡቲጀጅ ወጣ። ሰኞ የኛዋ ሴናተር ክሎቡሻር ወጣች፤ ሁለቱም ዳላስ ሄደው ባይደንን ደገፉ። ማክሰኞ፣ ማርች 3፣ ከ14 ስቴቶች 10ሩን ባይደን ወሰደ። ለቅስቀሳ ብዙም ያልደከመባትን ሚኒሶታን ጨምሮ፤ 38.6 ለ 29.9። እኛ ጋ ምርጫው ከጃንዋሪ ጀምሮ አስቀድሞ ይሰጥ ስለነበር፣ ጎረቤቴ ክሎቡሻርን መርጦ ጨርሶ ነበር። የእሱ ድምፅ ሜዳ አቋርጦ የሚሄድበት ሩብ ሰዓት አልነበረውም።

ያ ምሽት አሁን የለም። ፓርቲው የመጀመሪያነቱን ለሳውዝ ካሮላይና ሰጠ። በ2024 የአዮዋ ዴሞክራቶች ካርዳቸውን በፖስታ ሞልተው ላኩ። አክስቴ ደውላ «ባይደንን መረጥኩ፤ በዚህኛው ሰው አልነካኝም» አለችኝ። በጁላይ ባይደን ራሱን ከፉክክሩ ሲያገለል እኔ ነኝ የደወልኩላት። «ምን ይሻለኛል» አለች፤ «አንዱ ሰባት ሰው ያጣል፣ አንዷ ወር ሳትሞላ ትወጣለች፣ ይኸው ደግሞ የተመረጠው ራሱ ይተወዋል። እኔ የቆምኩለት ሰው አንዴም እስከ ኖቬምበር አብሮኝ ቢደርስ ምናለ?»