ወገቡን ለሚያመው ሰው ስለ ሽንት መጠየቅ

ይሄ ነገር ካለፈ ቆይቷል ግን ባሰብኩት ቁጥር ያበግነኛል፣ ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የምሰራው ካይሮፕራክቲክ ክሊኒክ ውስጥ ነው፣ አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የምናክምበት። ያን ቀን ባልደረባዬ ስላልገባ የሱ ታካሚዎች ወደ እኔ ዞሩ፣ ከነሱ መሀል ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ሰውዬ ነበሩ። ፋይላቸውን ስገልጠው “ወገብ፣ ቀኝ እግር፣ ሳያቲካ” ይላል፣ ከስሩ “መሻሻል አለ”፣ ከዛ ስር ደግሞ “እንደበፊቱ ይቀጥል”። በቃ። ሪፍሌክስ (ጅማት በመዶሻ ሲመታ እግር በራሱ የሚሰጠው ምላሽ) አልተጻፈ፣ የጣት ጉልበት አልተጻፈ፣ ቆዳው የቱ ጋ እንደደነዘዘ አልተጻፈ። ነገ ሌላ ሰው ሊያየው የሚችል ፋይል እንደዚህ አይጻፍም፣ ይሄን አሁንም ፊት ለፊት እናገራለሁ።

ሰውዬው ግድግዳውን ያዝ እያደረጉ ገቡ። “ጋሼ ዛሬስ እንዴት ነዎት?” ስላቸው “ተመስገን፣ ቀኙ እንኳን ቀለል ብሎልኛል፣ አሁን ግራው ነው የጀመረኝ” አሉኝ፣ እንደ ምስራች ነው የነገሩኝ። እኔ እዛው ላይ ደነገጥኩ።

ሳያቲካ ብዙውን ጊዜ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መሀል ወይ ከ5ኛው ስር እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ወጥቶ በአንድ በኩል ያለውን ነርቭ ሲጫነው የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ የሚይዘው አንድ እግር ነው፣ ከመቀመጫ ተነስቶ በጭን በባት አድርጎ እስከ እግር ጣት ይወርዳል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፣ የወጣው ዲስክም በጊዜ ብዛት በራሱ ሊቀንስ ይችላል፣ እስከዛ እጃችንም ይረዳል እንቅስቃሴውም ይረዳል። ሁለቱንም እግር ሲይዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው 1ኛውና 2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፣ ከዛ በታች ያለው እንደ ፈረስ ጭራ ወደ ታች የተለቀቀ የነርቭ ጥቅል ነው፣ እዛ ውስጥ ደግሞ ወደ እግር የሚሄዱት ብቻ ሳይሆኑ ወደ ፊኛ፣ ወደ ሰገራ መውጫና ወደ ብልት የሚሄዱትም አሉ። ትልቅ ዲስክ መሀል ለመሀል ከወጣ ይሄን ጥቅል በሙሉ ያፍነዋል። ካውዳ ኢኩዋይና ሲንድሮም የምንለው እሱን ነው። ብዙ አይገጥምም፣ ሙሉ የስራ ዘመኑን አንድም ሳያይ የሚያልፍ ባለሙያ አለ፣ ከመጣ ግን ጊዜ አይሰጥም።

አስተኛኋቸውና እግራቸውን ቀጥ አድርጌ ቀስ ብዬ አነሳሁት፣ ትንሽ ከፍ ከማለቱ ጮሁ፣ በሁለቱም በኩል። አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ እንዲስቡ ነግሬ በአንድ ጣቴ ተጫንኩት፣ ወዲያው ወደቀ፣ ግራውም ያው ነው። ከተረከዛቸው በላይ ያለውን ጅማት በመዶሻዋ መታ መታ ባደርግ ምንም ሪፍሌክስ የለም። እሳቸው ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲሆን “ልጄ አሁን ቀጭ አድርጊልኝና ልሂድ” ይሉኛል። ሰው ያንን ድምጽ በጣም ይፈልገዋል፣ አጥንት ወደ ቦታው የገባ ነው የሚመስለው፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የአየር አረፋ እንጂ ሌላ አይደለም፣ ድምጹ ስለተሰማ ነርቩ ተለቀቀ ማለት አይደለም። 

ወንበሬን ጠጋ አድርጌ “ጋሼ ሽንትዎስ እንዴት ነው?” አልኳቸው።

ዝም አሉ። በሩን ዞር ብለው አዩት። ከዛ “እሱማ ፕሮስቴት ነው፣ የእድሜ ነገር” አሉ።

“መቼ ጀመረዎት?”

“አሁን በቅርብ ነው።”

“በቅርብ ሲሉ?”

“ከትናንት ወዲያ።”

ፕሮስቴት ከትናንት ወዲያ እንዲህ ከሁለት እግር ጋር ተያይዞ አይመጣም። ቀጠልኩ፣ ቆመው ይጠብቃሉ ወይ፣ ሲወጣ ይታወቅዎታል ወይ አልኩ። ቆመው እንደሚጠብቁ፣ ሲያልቅም እንደማያውቁት ነገሩኝ። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ እሱ ነው ከባዱ፣ ምክንያቱም አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ድምጼን ዝቅ አድርጌ “ሽንት ቤት ገብተው ሲጠርጉ ወረቀቱ ይሰማዎታል? እንደ ድሮው ነው?” አልኳቸው።

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “አንቺ፣ በምን አወቅሽ? ምንም አይሰማኝም እኮ፣ በዓይኔ ነው የማረጋግጠው። ለባለቤቴም አልነገርኳት።”

“ለዛኛው ዶክተርስ?”

“አልጠየቀኝማ።”

ይቺ “አልጠየቀኝማ” ናት እስካሁን ከውስጤ ያልወጣችው። ሰውዬው ምንም አልደበቁም እኮ። ለሳቸው ወገብ ሌላ ሽንት ሌላ ነው፣ ወገብ ሊታከም የመጣ ሰው ስለ መቀመጫው መደንዘዝ ከየት አምጥቶ ያወራል? ሁለቱን የሚያገናኛቸውን ነርቭ የምናውቀው እኛ ነን፣ ስለዚህ መጠየቅ ያለብንም እኛ ነን።

ወገባቸውን አልነካሁትም፣ እንደዚህ ባለ ምልክት ላይ አድጀስትመንት፣ ማለትም ያ በእጅ ቀጭ የማድረጉ ስራ፣ አይሰራም። ልጃቸው ጋ ደወልኩ፣ ሪፈር ወረቀቱ ላይ በትልቁ ሁለቱ እግር፣ የሽንት መያዝ፣ የመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ካውዳ ኢኩዋይና ተጠርጥሯል፣ አስቸኳይ ኤምአርአይ ብዬ ጻፍኩ። “ነገ አልሄድም?” ሲሉኝ “አይሆንም ጋሼ፣ ከዚህ በቀጥታ ኢመርጀንሲ” አልኳቸው። ኦፕራሲዮኑ 48 ሰዓት ሳይሞላ ቢሆን የሚባል ነገር አለ፣ አንዳንዱ ይሄንን እንደ ጊዜ ገደብ ይይዘዋል፣ እኔ ግን አልስማማም፣ ነርቩ እየሞተ ሰዓት እያለኝ ነው የሚል ሰው ካለ ያስፈራኛል።

ገና ከመውጣታቸው ስራ አስኪያጁ ጠራኝ።

“ለምንድነው ሳትሰሪላቸው የሸኘሻቸው? ከፍለው የገቡ ሰው እኮ ናቸው።”

“አሁኑኑ ሆስፒታል መግባት አለባቸው።”

“እሺ ይግቡ፣ ቢያንስ ትንሽ ነካ ነካ አድርገሽላቸው ቢሄዱ ምን ነበረበት?”

ነካ ነካ! ለሱ እኛ የምንሰራው ስራ ነካ ነካ ነው ማለት ነው። ሰው ሁሉ እኛን አጥንት ሰባሪ፣ ማሳጅ ቤት ምናምን ሲለን የሚበሳጨው እሱ፣ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ነካ ነካ ይለኛል። ሙያው ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ ስንት ክርክር ያለፈ ሙያ ነው፣ ሰው ቢያምነን የሚያምነን መቼ እንደማንነካ ስናውቅ ነው። ይሄንኑ ነገርኩት። “ደንበኛ ታስደነግጫለሽ” ብሎኝ ስልኩን አነሳ።

ማታውኑ ልጃቸው ደወለልኝ። ኤምአርአዩ ላይ በ4ኛውና በ5ኛው መሀል ትልቅ ዲስክ መሀል ለመሀል ወጥቶ ቦታውን ሞልቶታል፣ ሌሊቱን ኦፕራሲዮን ተደረጉ። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ አሁን ያለ ድጋፍ ይሄዳሉ። ሽንታቸው ግን እንደ እግራቸው አልሆነም፣ ከካቴተር (ከሽንት ቱቦ) ጋር ነው ወደ ቤት የገቡት፣ ከወጣላቸው በኋላም ስሜቱ ሙሉ በሙሉ አልመጣም። ፊኛው አንዴ ከቆመ በኋላ የሚደረግ ኦፕራሲዮን ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፣ ከመቆሙ በፊት የነበሩት ቀናት ናቸው ወሳኞቹ፣ በነዛ ቀናት ደግሞ እኛ ክሊኒክ መጥተው ነበር። ፋይሉ ላይ “እንደበፊቱ ይቀጥል” ተብሎ የተጻፈው ያኔ ነው።

ባልደረባዬ ሲመለስ ነገርኩት። “መናገር ነበረባቸው እኮ” አለ። ከዚህ ሌላ ምንም አላለም። ከዛ በኋላ በስብሰባ ላይ ስራ አስኪያጁ “ክሊኒካችን በጊዜ ደርሶ ያዳናቸው ታካሚ” ብሎ ሲያወራ እሱም አብሮ አጨበጨበ።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ፣ ጥያቄዎቹ ሪሴፕሽን ላይ በሚሞላው ፎርም ውስጥ ገቡ። ሽንት መያዝ፣ ማምለጥ፣ የመቀመጫ መደንዘዝ፣ አለ የለም። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ፎርሙ እንዴት እንደሚሞላ አያለሁ፣ ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ፣ ከጎኑ ሌላ ሰው እያየው፣ ከላይ እስከ ታች “የለም” ላይ ምልክት እያደረገ ይወርዳል። ባልደረባዬ ደግሞ ፎርሙን ገልጦ ያይና “የለም ብለዋል” ብሎ ያልፋል። እኔ በሩን ዘግቼ እንደገና እጠይቃለሁ።

ሰሞኑን አንዲት የልጆች እናት በወገብ ህመም መጣች፣ ፎርሟ ላይ ሁሉም የለም ነው። ስጠይቃት አንገቷን ደፋች፣ ስታስል ስትስቅ ሽንቷ ያመልጣታል፣ ከመጨረሻ ልጇ ጀምሮ፣ ዓመታት። መረመርኳት፣ እግሯ ደህና፣ ሪፍሌክሷ ደህና፣ ስሜቷ ደህና፣ ዲስክ አይደለም፣ ከወሊድ በኋላ የሚላላው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው የሚመስለው። ወገቧን ሰራሁላትና ለዛኛው ደግሞ የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ የምትሰራ ባለሙያ ጋ ላክኋት፣ ይታከማል እንዴ ብላ አለቀሰች። ስራ አስኪያጁ ሪፈሩን አይቶ “ደግሞ ላክሽ?” አለኝ። አዎ ላክሁ።