ማድረቂያው እየሠራ እንጀራ አይጋገርም

ዳላስ ውስጥ የምተዳደረው ውሃ የገባበትን ቤት በማድረቅ ነው። አገር ቤት ላለችው እናቴ ሥራዬን በስልክ ሳስረዳት በሳቅ ፈረሰች። «ለዚህም ሰው ይከፈለዋል? በሩን ከፍቶ ፀሐይ ማስገባት ነው እንጂ!» አለችኝ። ለእሷ ቤት እውነቷን ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ቀኑን ሙሉ ክፍት። ውሃ ቢገባ በመጥረጊያ ይገፋል፣ የተረፈውን ፀሐይ ይጨርሰዋል።

እዚህ ግን ቤቱ የቆመው በእንጨት ነው። ዳላስ ዙሪያ ጋርላንድ ሂዱ፣ ሜስኪት ሂዱ፣ ከውጭ ጡብ ቢመስልም ውስጡ ጣውላ ነው። በጣውላዎቹ መሃል የፋይበርግላስ ሱፍ ይጠቀጠቅና በላዩ ሺትሮክ ይለብሳል። ሺትሮክ ማለት ፊቱና ጀርባው ወረቀት የሆነ ጂፕሰም ነው። ከሥሩ ውሃ ከነካው ወደ ላይ ይስባል፤ ወለሉ ላይ የነበረው ውሃ እግር የማያረጥብ ቢሆን እንኳ ጊዜ ካገኘ ግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ሱፉ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል፣ ወረቀቱ ደግሞ ለሻጋታ ምግብ ነው። ቀለም የተቀባው ፊት ግን በማግስቱ በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሻጋታ እንዳይነሳ የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይድረቅ ይላል። ወገኖቻችን የሚደውሉልኝ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ፣ ቤቱ መሽተት ሲጀምር ነው።

በእኛ ሰፈር ሐበሻው ይህን ሥራ በደንብ ያወቀው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ያን ሰሞን ቴክሳስ ውስጥ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። በወሩ 16ኛ ቀን ዳላስ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት ደረሰ፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 19 ገደማ ነው። የቴክሳስ ቤት ደግሞ የተሠራው ለሙቀት ነው። በብዙ ቤት የውሃው ቧንቧ የሚያልፈው በአቲክ፣ ማለትም በኮርኒሱና በጣሪያው መሃል ነው፤ ማሞቂያ ሲጠፋ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው እሱ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። በበረዶውና በተዘጋው መክፈቻ መሃል የታፈነው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ያን ጊዜ ግን ምንም አይታይም፣ በረዶው ራሱ ወትፎት ይቆያል። ጉዱ የሚወጣው ሲቀልጥ ነው። መብራት መጣ ብለው እልል ያሉ ሰዎች ትንሽ ቆይተው ኮርኒሱ ከነሱፉ ሶፋቸው ላይ ተዘርግፎ አገኙት።

እኔ ኮቪድ ኡበሩን ገድሎብኝ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከዚያ ትንሽ ቀደም ብዬ ነው። አንድ የአገሬ ልጅ ነው ያስገባኝ። ሥራው መጥረግና ማራገብ መስሎኝ ነበር የሄድኩት፤ አይ አይ ሲ አር ሲ የሚባለው የሙያ ተቋም የሚሰጠውን ኮርስ ስወስድ ግን ግማሹ ስለ አየር ሆኖ አገኘሁት። ተቋሙ ኤስ 500 የሚባል መመሪያ አለው፤ መጀመሪያ የወጣው በ1994 ነው። ኢንሹራንሱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ እኛም ስንከራከር የምንጠቅሰው እሱን ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደመጣ ይጣራል። ከንጹህ ቧንቧ ከሆነ አብዛኛው ነገር ይተርፋል። ከሽንት ቤት መስመር ተመልሶ የመጣ ከሆነ ግን ማድረቅ የሚባል ነገር የለም፤ ካርፔቱም ሺትሮኩም ተቆርጦ ይጣላል፣ ከዚያ ተጠርጎ በመድኃኒት ይታጠባል። (እዚህ ላይ ስንቱ ሰው ለካርፔቱ አማልዶኛል!) ንጹሁ ውሃም ቢሆን እየዋለ እያደረ ሲሄድ ንጹህ መሆኑ ይቀራል። ቀጥሎ በቫኪዩም የሚወጣውን ያህል ይመጠጣል፣ ምክንያቱም ውሃን በውሃነቱ ማውጣት በእንፋሎት ከማውጣት እጅግ ይፈጥናል። ከዚያ ማራገቢያዎቹ ወደ ግድግዳው ጋደል ብለው በአንድ አቅጣጫ ይደረደራሉ፤ ዲሂሚዲፋየሩ፣ ማለትም ከአየሩ እርጥበት የሚመጠው ማሽን፣ መሃል ይቆማል።

ሰዎች የማይገባቸው የዚህ የመጨረሻው ነገር ጥቅም ነው። ማራገቢያ ውሃን አያጠፋም፤ ከግድግዳው አንስቶ ወደ አየሩ ያስተላልፈዋል። ያንን አየር የሚያደርቅ ከሌለ ውሃው ዞሮ ኮርኒሱ ላይ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ልብስ ላይ ያርፋል። ከሆም ዲፖ ሦስት ፋን ገዝቶ መስኮት ከፍቶ «አድርቄዋለሁ» የሚል ሰው ቤት ገብቼ የማገኘው ይህንኑ ነው። በተለይ በበጋ፣ የዳላስ ወበቅ በመስኮት ሲገባ፣ ሌላ እርጥበት መጋበዝ ነው። ትልልቆቹ ዲሂሚዲፋየሮች በአመቺ ሁኔታ በቀን እስከ 60 ሊትር ያህል ውሃ ከአየር ያወጣሉ። ቱቦው ወደ መታጠቢያው ይዘረጋና ውሃው ሲወርድ ይታያል፤ ደንበኛው ያን ጊዜ ነው የሚያምነኝ።

አሁን ስለ እማማ ላውራ። ጋርላንድ ውስጥ ከነርስ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። ኮሪደሩና የኩሽናው አንድ ወገን ረጥቦ ነበር። ማሽኖቹን ስተክል ቤቱ እንደ ወፍጮ ቤት ሆነ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ሌሊቱንም ይጮኻል?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ሌሊቱንም። እንዳያጠፉት አደራዎን» አልኳቸው። «ኧረ ምን በወጣኝ!» አሉ።

በማግስቱ ስመለስ ሁሉም እየሠራ ነው። መለኪያዬን የኩሽናው ግድግዳ ሥር ያለው ጣውላ ላይ ወጋሁት፤ እርጥበቱ 24 በመቶ። ትናንትም 24 ነበር። ዲሂሚዲፋየሩ ላይ ግን ሰው የማያስተውላት ትንሽ መስኮት አለች፣ ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ የምትቆጥር። እሷ የምትለው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ እንዳደረ ነው። እማማን አየኋቸው፣ እሳቸውም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ልጃቸው የማታ ተረኛ ናት፣ ከእሳቸው በቀር ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም።

«ጩኸቱ ነው እማማ?»

«ጩኸቱንስ እችለው ነበር። የመብራቱን ነገር ፈርቼ ነው እንጂ። በቴሌቪዥን አላየህም? ሰው ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ከዚያም በላይ መጣበት እኮ!»

ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በዚያ ብርድ ሰሞን የመብራት የጅምላ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር ገብቶ፣ በጅምላው ዋጋ የተዋዋሉ ሰዎች ሺዎች ዶላር ተጠይቀዋል። የእማማ ልጅ ውል ግን በቋሚ ዋጋ ነበር፣ 12 ሳንቲም አካባቢ። አብረን አሰላነው፦ አንዱ ዲሂሚዲፋየርና ስድስቱ ማራገቢያ ተደማምረው ሁለት ኪሎዋት ተኩል ቢወስዱ፣ በቀን 60 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሰባት ዶላር ከምናምን። «ለሰባት ዶላር ነው እንዴ እንቅልፍ ያጣሁት?» አሉና ከዚያ በኋላ አላጠፉም።

ቁጥሩም መውረድ ጀመረ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት ገባሁና የአየሩ እርጥበት ተመልሶ ሽቅብ ወጥቷል፣ ከማራገቢያዎቹም ሁለቱ ቆመዋል። ምክንያቱን መለኪያ ሳያስፈልገኝ ከበር ላይ በአፍንጫዬ አወቅሁት። ትኩስ እንጀራ።

እማማ እንደ ጥፋተኛ ቆመው አስረዱኝ። ቤቱ ከማሽኖቹ ሙቀት የተነሳ 90 ፋራናይት ደርሷል። ለእኔ ጣውላ ግሩም ሙቀት ነው፤ ለእሳቸው ሊጥ ግን አይደለም። ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው ሊጥ በአንድ ቀን ኩፍ ብሎ ከባልዲው ሊወጣ ደርሷል። «ይኮምጥጥና ይደፋ ወይ? ጤፉ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» ምን ልበላቸው። ኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 13 አምፒር ገደማ ይስባል፤ የኩሽናው መስመር 20 ነው፣ ዲሂሚዲፋየሩ 7 ይወስዳል፤ ማራገቢያ ሲጨመርበት ብሬከሩ ወደቀ። ዲሂሚዲፋየሩን እሳቸው ወደ ሌላ ሶኬት አዛውረው አስነሥተውታል፣ የረሱት ማራገቢያዎቹን ነው። የእያንዳንዱ እንጀራ እንፋሎት ደግሞ እኔ ስመጥጥ የሰነበትኩትን ውሃ ወደ አየሩ ይመልሳል። ምጣዱን ተሸክሜ ጋራዥ አወጣሁት፣ በሌላ መስመር ሰካሁት፣ የጋራዡን በር ገርበብ አደረግሁ። ቀሪውን እዚያ ጨረሱ። አንዱን በበርበሬ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ጓንቴን አውልቄ ቆሜ በላሁ። በማስታወሻዬ ላይ «ነዋሪዋ ምግብ በማብሰላቸው እርጥበት ጨምሯል፣ ሁለት ማራገቢያ ለሰዓታት ቆሟል» ብዬ ጻፍኩ።

ይህ ማስታወሻ ለምን ያስፈልጋል ለምትሉ፣ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ማሽን የሚከፈለው በቁጥርና በቀን ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ማሽኑን አንድ ቀን ቢያሳድር ይወዳል፣ ኢንሹራንሱ አንድ ቀን ቀድሞ ቢነሳ ይወዳል። ሁለቱም «ደርቋል» ወይም «አልደረቀም» ሲሉ እናንተ መሃል ናችሁ። እኔ በድርጅቱ በኩል የምበላ ሰው ነኝና ይህን ማለቴ ለአለቆቼ ላይጥም ይችላል፤ ግን የመጣውን ልጅ በየቀኑ ቁጥሩን ጠይቁት። ትናንት ስንት ነበር? ዛሬ ስንት ነው? በዚሁ ቤት ውሃ ያልነካው ጣውላ ስንት ነው? ዋናው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ግቡ ከሰማይ አይወርድም፣ ከራሳችሁ ቤት ደረቅ ግድግዳ ነው የሚለካው። ደረቁ 11 ከሆነ የረጠበው ወደዚያ መጠጋት አለበት። መለስ የማይል ሠራተኛ ወይም «እጄ ያውቃል» የሚል ከገጠማችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ቴርማል ካሜራ ያሳያችሁንም ቶሎ አትመኑት፤ ካሜራው የሚያየው ቅዝቃዜን ነው እንጂ ውሃን አይደለም፣ በመርፌው መለኪያ መረጋገጥ አለበት።

አሮጌ ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ ከ1980 በፊት የተሠራና ኮርኒሱ ፈንዲሻ የሚመስል ከሆነ፣ አስቤስቶስ ሳይመረመር ማንም እንዳይፍቀው።

ስለ ኢንሹራንስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎርፍ ላይ ነው። ቧንቧ በድንገት ቢፈነዳ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ይሸፍናል፤ ከውጭ ተነሥቶ በበር የገባ ውሃን ግን አይሸፍንም። እሱ ለብቻው የሚገዛ ነው፤ በመንግሥት ፕሮግራም የሚገዛው ደግሞ በተለምዶ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው፣ ዝናቡን በዜና አይቶ መግዛት አይጠቅምም። በ2017 ሃርቬይ ሂውስተንን ሲያጥለቀልቅ ውሃ ከገባባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ይህ አልነበራቸውም። ተከራይ ከሆናችሁም የባለቤቱ ኢንሹራንስ የእናንተን ሶፋና ልብስ አይከፍልም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ውሉ ጉዳቱ እንዳይባባስ የማድረግ ግዴታ ይጥልባችኋል። «አጃስተሩ (ኢንሹራንሱ ጉዳቱን እንዲገምት የሚልከው ሰው) መጥቶ ይይ» ብሎ ውሃ ላይ መቀመጥ ክሌሙን፣ ማለትም የምትጠይቁትን ካሳ፣ ያስቆርጣል። ፎቶ አንሡ፣ ውሃውን ዝጉ፣ ማድረቅ አስጀምሩ።

የእማማ ቤት ኩሽና 12 ላይ ሲደርስ ማሽኖቹን አነሣሁ። ሂሳቡ ላይ ከታሰበው አንድ ቀን በልጦ ስለነበር አጃስተሩ ራሱ መጣ፣ ቴክሳሳዊ ሽማግሌ። መዝገቡን ገጽ በገጽ አገላበጠና እርጥበቱ የዘለለበት ቀን ላይ ጣቱን አሳርፎ «ምን ቢያበስሉ ነው ይህን ያህል የወጣው?» አለኝ። ለእማማ ተረጎምኩላቸው። መልስ አልሰጡም፤ ክንዱን ይዘው ወደ ጋራዥ ወሰዱትና ምጣዱን ከፍተው አሳዩት። ስንት ዋት እንደሆነ ከግርጌው አነበበ፣ ወርዱን በእጁ ለካ፣ ፎቶ አነሣ። ተጨማሪዋን ቀን አጸደቃት።