እባቡ ክፉ ነው ብዬ ጻፍኩ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ከወሰድኳቸው ኮርሶች ሁሉ በጣም የወደድኩት ስለ አፈታሪክ፣ ስለ ትእምርትና ስለ አርኪታይፕ የተማርንበትን የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ነው። በጣም ያናደደኝም እሱ ነው። ልትወስዱት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ግቡ።

አብዛኛው ነገር አላስቸገረኝም። ተመዘገብኩ፣ ሌክቸር ገባሁ፣ ማስታወሻ ያዝኩ። አፈታሪክ ማለት ውሸት ማለት እንዳልሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ገባኝ። ሰዎች ዓለም እንዴት እንደተፈጠረች፣ ሞት ከየት እንደመጣ ለራሳቸው የሚናገሩት ትልቅ ታሪክ ነው። ትእምርት (ሲምቦል) ደግሞ ራሱን ሆኖ ሳለ ከራሱ ያለፈ ነገር የሚናገር ነው። አርኪታይፕ የሚባለው በተለያየ ዘመንና አገር በተጻፉ ታሪኮች ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣ ሰው፣ ሁኔታ ወይም ምስል ነው፤ ጀግናው፣ ጠቢቡ ሽማግሌ፣ አታላዩ፣ ጥላው፣ ረጅሙ ጉዞ። ሚድ ተፈተንኩ፣ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

የወደቅኩት ተርም ፔፐሩ ላይ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። አንድ ጥንታዊ ታሪክ ምረጡ፣ ትእምርቶቹንና አርኪታይፖቹን ተንትኑ። እኔ በዛሬዋ ኢራቅ አካባቢ በጥንት ዘመን በሸክላ ጽላቶች ላይ የተጻፈውን የጊልጋሜሽን ታሪክ መረጥኩ። ከሥራው ጋር አንድ ሃንድአውት ተሰጠን። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አለ። በግራ በኩል የነገሩ ስም፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙ። ውሃ፦ ዳግም ልደት፣ መንጻት። እባብ፦ ክፋት፣ ማታለል። ፀሐይ፦ እውቀት። ጨለማ፦ ድንቁርና። ከሥሩ የጀግናው ጉዞ በ12 ደረጃ ተዘርዝሯል። መመሪያው ላይም "ቅድሚያ ንድፈ ሐሳቡን አጥኑ፣ ከዚያ ወደ ታሪኩ ሂዱ" ይላል።

እንደተባልኩት አደረግኩ። ሠንጠረዡን በቃሌ ያዝኩት። ከዚያ ታሪኩን አንዴ ብቻ አነበብኩ፤ ያውም በእጄ ማድመቂያ ይዤ። ውሃ ባየሁበት ሁሉ በሰማያዊ አቀለምኩ፤ ዳር ላይ "ዳግም ልደት" ብዬ ጻፍኩ። እባቡ ጋ ስደርስ በቀይ አቅልሜ "ክፋት" አልኩ። በሁለት ሌሊት 14 ገጽ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያስገባሁት። በእውነት፣ በዚያ ሴሚስተር ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ተመለሰ። ዲ። በ14 ገጽ ውስጥ በቀይ እስክሪፕቶ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አራት ቦታ ተደግሟል፤ "ይህ ጽሑፉ ውስጥ የት ነው?"

በጣም ተናደድኩ። ሠንጠረዡን የሰጣችሁኝ እናንተ፣ ዲ የምትሰጡኝም እናንተ! መምህሩ ቢሮ ሄድኩ፤ አልነበሩም። በነጋታው ሄድኩ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ዲፓርትመንት ሄድኩ። ጸሐፊዋ የቅሬታ ፎርም ሙዪ አለችኝ። ሞላሁ። ፎርሙን ስመልስ መምህሩ ካልፈረሙበት አንቀበልም ተባልኩ። መምህሩ ደግሞ አይገኙም። ለቅሬታ የተሰጠው ጊዜ አምስት የሥራ ቀን ነው። በስድስተኛው ቀን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። ፎርሙን አይተው "ጊዜው አልፏል" አሉ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያን ሳምንት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተትኩት ለአንዲት ፊርማ ነው።

ከዚያ ግን መምህሩ "ነይ ተቀመጪ" ብለው ወደ ቢሯቸው አስገቡኝ። ሩብ ሰዓት አይሞላም ያወራነው። ከኮርሱ ሁሉ የተማርኩት በዚያች ሩብ ሰዓት ነው። ለምን ወረቀቱ ላይ እንዳልጻፉልኝ እስካሁን አይገባኝም።

"እባቡ ምን አደረገ?" አሉኝ።

"ጊልጋሜሽን አታለለው" አልኩ።

"የት ላይ? አሳዪኝ።"

መጽሐፉን ከፈትኩ። ማታለል የሚባል ነገር የለም።

ታሪኩን ላላነበባችሁት ላሳጥረው። ጊልጋሜሽ ኡሩክ የምትባል ከተማ ንጉሥ ነው። ወዳጁ ኤንኪዱ ሲሞትበት ሞትን ፈራ። የማይሞተውን ሰው ኡትናፒሽቲምን ፍለጋ እስከ ዓለም ዳርቻ ተጓዘ። የዘላለም ሕይወት አላገኘም። ሲሰናበት ግን አንድ ምስጢር ተነገረው፤ ከውሃ ጥልቅ ውስጥ የሚበቅል፣ ሽማግሌን ወጣት የሚያደርግ እሾሃማ ተክል አለ። እግሩ ላይ ከባድ ድንጋይ አስሮ ጠለቀ፣ ነቅሎ አወጣው። ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ቀዝቃዛ ኩሬ አገኘና ሊታጠብ ገባ። እባብ የተክሉን ሽታ አሸተተ። ቀስ ብሎ መጣ፣ ተክሉን ይዞ ሄደ። ዞር ሲል ቆዳውን ገፍፎ ጣለ። ጊልጋሜሽ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህ 11ኛው የሸክላ ጽላት ላይ ነው ያለው።

እባቡ አልተናገረም። አላታለለም። ጊልጋሜሽን እንደሚያውቀው እንኳ የሚጠቁም ነገር የለም። ሽታ ሸተተው፣ መጣ። ያደረገው ነገር ቢኖር መታደስ ነው፤ ቆዳውን ቀይሮ ሄደ። ሰው ያጣውን መታደስ እንስሳው ወሰደው። እኔ ግን "ክፋት" ብዬ ሁለት ገጽ ጽፌበታለሁ። ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን እባብ እዚህ አምጥቼ ነው የለጠፍኩት። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ እባብ ያታልላል። ግን እዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 21 ላይ፣ የነሐሱን እባብ ያየ ይድናል። በግሪኮች ዘንድ እባብ የመድኃኒት አምላክ በትር ላይ ተጠምጥሟል። የግብፅ ነገሥታት ደግሞ ዘውዳቸው ላይ እንደ ጠባቂ ያደርጉት ነበር። አንድ እንስሳ፣ አራት ሥራ። አንድ መስመር ሠንጠረዥ ይህን እንዴት ይይዘዋል?

ውሃውስ? ቤት ገብቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ፤ አሁን ያለ ማድመቂያ። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ የነካ የሚሞትበት የሞት ውሃ አለ። ምድርን ያጠፋው የጥፋት ውሃ አለ። ተክሉ የበቀለበት ጥልቅ አለ። ታጥቦ ሲወጣ ሁሉን ያጣበት ኩሬ አለ። እኔ አራቱንም በአንድ ቀለም አቅልሜ "ዳግም ልደት" ብያለሁ። ሰሙን ሳላየው ነው ወርቅ ፍለጋ የገባሁት።

ሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። እስከዛሬ የምኮራበት ነገር ነው። ጊልጋሜሽ ከኡትናፒሽቲም ከመለየቱ በፊት ይታጠባል። በጉዞው ሁሉ የለበሰውን የእንስሳ ቆዳ አውልቆ ይጥለዋል፣ ባሕሩ ይወስደዋል። አዲስ ልብስ ይለብሳል። ጥቂት ቆይቶ እባቡ ቆዳውን ጥሎ ይሄዳል። ሁለቱም ቆዳ ጣሉ! ሰውየው ቆዳ ቢጥልም ያው ሟች ሰው ነው። እባቡ ቆዳ ሲጥል ታደሰ። ይህን ሠንጠረዥ አይሰጣችሁም። ይህን የሚሰጣችሁ ጽሑፉ ራሱ ነው። ሳየው ከወንበሬ ተነሳሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ የምነግረው ሰው አልነበረም።

ንድፈ ሐሳቡንም ተመልሼ ሳየው ሃንድአውቱ ላይ ይበልጥ ተናደድኩ። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ አርኪታይፕ በራሱ የተወሰነ ይዘት የለውም፣ ቅርጽ ነው ይል ነበር። ከክሪስታል ውስጣዊ መዋቅር ጋር ያመሳስለዋል። መዋቅሩ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ክሪስታል መልኩም መጠኑም ይለያያል። ታዲያ "እባብ፦ ክፋት" ብሎ መዝጋት ከየት መጣ? የታሪክ ዓይነቶችን ከወቅቶች ጋር ያዛመደው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ኖርዝሮፕ ፍራይም እንዲሁ። ሃንድአውቱ ፀደይ ኮሜዲ፣ በጋ ሮማንስ (የጀግና ጀብዱ ታሪክ)፣ መኸር ትራጄዲ፣ ክረምት ምፀት ብሎ ደርድሮ በቃላችሁ ያዙት ይላል። ይህ ፍራይ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው አሰላለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በጻፈው ላይ ግን ሮማንስን ለፀደይ፣ ኮሜዲን ለበጋ ሰጥቶ ነበር። ባለቤቱ ራሱ ያንቀሳቀሰውን ነገር እኛ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸመደድነው። 12ቱ የጀግና ጉዞ ደረጃዎችም ቢሆኑ በአፈታሪክ ተመራማሪው በጆሴፍ ካምቤል ስም ነው የተሰጡን። ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው 17 ደረጃ ነው፤ መለየት፣ መፈተን፣ መመለስ በሚሉ ሦስት ክፍሎች ውስጥ። 12ቱን ያዘጋጀው ክሪስቶፈር ቮግለር ነው፣ ለፊልም ጸሐፊዎች።

በካምቤል ንድፍ ጀግናው ሲመለስ ለወገኑ የሚጠቅም ስጦታ ይዞ ይመጣል። ጊልጋሜሽ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። ወረቀቴ ላይ ይህ ስላልገጠመልኝ "ስጦታው ጥበብ ነው" ብዬ አለፍኩት። ከአራቱ ቀይ ጥያቄዎች አንዱ እዚያ ላይ ነበር። መምህሩ ልክ ናቸው። ሲመለስ የሚያደርገው አብሮት ለመጣው የጀልባ ቀዛፊ የከተማውን ቅጥር ማሳየት ነው፤ ውጣና ተመልከት፣ መሠረቱን መርምር ይለዋል። ስለዚያ ቅጥር ነበር መጻፍ የነበረብኝ። ታሪኩ ከንድፉ የሚያፈነግጠው እዚያ ላይ ነው። ደግሞ ይህን ታሪክ የራሱ የሚያደርገው እሱ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ መመሪያው ከሚለው ተቃራኒ ነው። ንድፈ ሐሳቡን አታስቀድሙ። ታሪኩን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ምንም ሳታቀልሙ አንብቡ። ከዚያ አንድ ነገር ምረጡ፤ አንድ ብቻ። ውሃም ይሁን በርም ይሁን። ጽሑፉ ውስጥ የመጣበትን ቦታ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ከአጠገቡ ግሱን ጻፉ፤ ምን አደረገ? ምን ሆነ? ከሱ በኋላ ምን ተለወጠ? ለእኔ ሁሉን የቀየረው ይህ የግስ ዝርዝር ነው። "እባብ" ከሚለው ስም ላይ ቆሜ ነበር የጠፋሁት፤ "አሸተተ፣ ወሰደ፣ ገፈፈ" ላይ ስደርስ ታሪኩ ተከፈተልኝ።

ዩንግንና ካምቤልን የምትከፍቱት ይህ ወረቀት ሲሞላ ነው። ስትከፍቱም ንድፉ የማይገጥምበትን ቦታ ፈልጉ። የሚገጥምበትን ማንም ያገኘዋል።

መመሪያው ቢያንስ ስምንት ዋቢ ይጠይቃል። እኔ ስምንት ደረደርኩ፤ አምስቱን መግቢያቸውን ብቻ ነው ያነበብኩት። ሦስት በደንብ የተነበበ ይበልጣል፤ መምህራችሁን ቀድማችሁ አስፈቅዱ። "ከጥንት ጀምሮ በሁሉም ባህሎች ዘንድ" ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ደግሞ ሰርዙት። እኔ ሦስት ቦታ ጽፌዋለሁ፣ አንዱንም ማስረዳት አልቻልኩም።

አንድ አንቀጽ እንደጻፋችሁ መምህሩን ፈልጋችሁ አሳዩ። ወረቀቱ እስኪመለስ አትጠብቁ። ግሬድ ላይ ቅሬታ ካላችሁ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ፎርሙን ይዛችሁ በር ላይ ቁሙ። ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩት። ዘጠኝ ገጽ ሆነ፤ ሁሉም ስለ ቆዳ ነው። ግሬዱ አልተቀየረም። መምህሩ ግን ተቀብለው አነበቡት። በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ቅጥሩ የጻፍኩት አንቀጽ ሥር አስምረውበታል። በቀይ ሳይሆን በእርሳስ።

ባለፈው ወር ኮርሱን የጀመረች አንዲት ልጅ ማስታወሻ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ሃንድአውቱን አሳየችኝ። ሠንጠረዡ እንዳለ ነው፣ አንድ ቃል አልተነካም። "እባብ፦ ክፋት" የሚለውን በቢጫ አቅልማዋለች። ማስታወሻዬን አልሰጠኋትም። የጊልጋሜሽን መጽሐፌን ሰጠኋት፤ 11ኛው ጽላት ላይ ወረቀት አጥፌ አስገብቼበት።