ድብርት ነው ተባልኩ፤ ባይፖላር ነበር

ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት አንዴ በድብርት የሚወርድበት አንዴ ከልክ በላይ የሚወጣበት የአእምሮ ሕመም፣ እንዳለብኝ የታወቀው ለድብርት ስታከም ከቆየሁ በኋላ ነው። ያኔ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው ይህን የምጽፈው።

ካርድ ማውጣቱና ወረፋው የትም ያለ ነው። ነገሩ የተበላሸው ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ነው። ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር የሄድኩት። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቴ፣ ራሴን ለማጥፋት አስቤ እንደሆነ ጠየቀኝ። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ሁሉም ስለ መውረዱ ነበሩ፤ ስለ መውጣቱ አንድም የለም። ባይፖላር ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በድብርት መልክ ነው። ታላቅ እህቴ አብራኝ ልትገባ ስትል "ታካሚ ብቻ" ተብላ በር ላይ ቀረች።

ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ለብቻው። ባይፖላር ያለበት ሰው ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይጨመርለት ይህን ሲወስድ ማንያ፣ ማለትም ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚወጣበት ሁኔታ፣ ሊነሳበት ይችላል። ተነሳብኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሶፋውን ገፍቼ የሳሎኑን ግድግዳ ቀለም እቀባ ነበር። የእቁብ ብሬን ለማላውቀው ደላላ አስረከብኩ። በቀጠሮዬ ስመለስ ሐኪሙ "እንቅልፍ የለኝም" ያልኩትን ብቻ ይዞ መጠኑን ጨመረልኝ! ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። እንቅልፍ አጥቶ መድከምና ሳይተኙ ጉልበት መሙላት እኮ አንድ አይደሉም።

ድንገተኛ ክፍል ደግሞ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምትቅመው?" አሉኝ። ጫት ቀምሼ አላውቅም። ጫት ተመሳሳይ ሁኔታ ሊያመጣ ስለሚችል መጠየቃቸው ልክ ነው። መልሴን አለማመናቸው ነው ያበሸቀኝ።

በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም እህቴን አስገባቻትና "ከዚህ በፊት ሳይተኛ የማይደክመው ጊዜ ነበር?" አለቻት። እህቴ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን አንድ በአንድ ነገረቻት፤ እኔ ጎበዝ የነበርኩበት ጊዜ ነው የሚመስለኝ። የታይሮይድ ምርመራም ታዘዘልኝ፤ የታይሮይድ መዛባት ድብርትንም ማንያንም ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ "ብቻህን ግባ" ቢሏችሁም አብሯችሁ የሚኖር ሰው ይዛችሁ ለመግባት ድርቅ በሉ። ድብርት ሲባል "ባይፖላር አለመሆኑ ታይቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት ጀምራችሁ እንቅልፍ ጠፍቶ ጉልበት ከበዛ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

አሁን ሊቲየም የሚባል ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት እወስዳለሁ። በደም ውስጥ ያለው መጠን፣ ኩላሊትና ታይሮይድ በየጊዜው መታየት አለባቸው። ፋርማሲ አይቡፕሮፌን ስትገዙም ሊቲየም እንደምትወስዱ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ የሊቲየሙን መጠን ሊያንረው ይችላል።