አትክፈተው!

ሳምንት ሆነው። አሁንም ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኝና ብቻዬን አፍራለሁ።

ከመገናኛ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነኝ። እጄ ላይ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት የእንግሊዝኛ የሳይንስ ልብወለድ አለ። ሦስት ጠፈርተኞች ማርስ ላይ አሸዋ ሲቆፍሩ አንድ የብረት ሳጥን አገኙ። ሳጥኑ ይንኳኳል። ልድገመው፤ ከውስጥ ይንኳኳል! ሦስቱም ዶክተሮች ናቸው። አንዳቸውም ግን «ማነው?» አላሉም። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ እንኳን እናቷ መሆኗን በኮቴዋ እያወቀች «ማነው?» ሳትል መዝጊያ አትነካም። «እኔ ነኝ» ሲሏት ደግሞ «እኔ ማን?» ትላለች። የታችኛው ጎረቤታችን ሦስት ጊዜ «ማነው?» ብለው፣ በቀዳዳ አይተው፣ ውሻውን ፈትተው ነው የሚከፍቱት፤ ያውም ለቆጣሪ አንባቢ። ዶክተሮቹ የሚፈልጉት መፍቻ ነው።

ከምድር አንድ ሰውዬ በሬዲዮ «አትክፈቱ!» እያላቸው ባዮሎጂስቱ ጓንቱን አወለቀ። ጓንቱን! የማርስ የአየር ግፊት ከምድር አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ሰዎች አየር ከሌለባት ጨረቃ ሲመለሱ፣ ምናልባት ተውሳክ ይዘው ቢሆንስ ተብሎ 21 ቀን እስኪሞላቸው ከሰው ተለይተው ተቀምጠዋል። ይህ ግን እጁን መክደኛው ላይ አሳረፈ።

«አትክፈተው!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ። በሙሉ ድምፄ።

ለካ በዚያችው ቅጽበት ከፊቴ የተቀመጡ እናት «ወራጅ አለ» ብለው፣ የረዳቱ እጅ በሩ ላይ ነበር። ታክሲው ደግሞ ትርፍ ጭኗል። ረዳቱ ትራፊክ ያየሁለት መስሎት በሩን ጥርቅም አደረገና ጣሪያውን ደበደበ። «ንካው! ንካው!» ሹፌሩ ነካው። ትርፎቹ ማንም ሳያዛቸው ቁጢጥ አሉ። ቀበና አመለጠን።

አትክፈት ተባለ፣ አልከፈተም። ማርስ መላክ ያለበት ይህ ረዳት ነው።

«ትራፊኩ የታለ?» አለኝ ግንፍሌ ስንደርስ።

«አይ… ሳጥኑን ነው» አልኩት።

«የምን ሳጥን?» አለች አንዷ ከኋላ፣ ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ እያቀፈች። አስራ ምናምን ሰው እግሩ ስር ማየት ጀመረ።

አራት ኪሎ ወረድን። እናትየዋ ዘንቢል ሙሉ ሽንኩርት ይዘዋል። ምን ላድርግ? ተሸክሜላቸው ቁልቁል ወደ ቀበና። (ረዳቱ መልሴን አልሰጠኝም። ብሩን በጣቶቹ መሃል እንደ ማራገቢያ ደርድሮ «ዝርዝር የለም» ይለኛል! ፒያሳ ድረስ ነበር እኮ የከፈልኩት። ለዚህ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ፎቶ የሚያይ አለ?»

«የልጁን ፎቶ የሚያይ አለ።»

«እሱማ ይሞታል።»

ገጽ 88 ላይ ነው የሞተው! እኔ ገጽ 12 ላይ በእርሳስ «ሟች» ብዬ ጽፌበት በራሴ ስኮራ ነው የሰነበትኩት። እሳቸው መጽሐፉን ሳያዩት! የቱርክ ድራማ ላይ ፎቶ ያየ ሁሉ ይሞታል አሉኝ።

ክብሬን ለማስመለስ ወደ ሳይንስ ዞርኩ። «ደራሲውም እኮ አያውቅም፣ እማማ! የሬዲዮ ድምፅ ከምድር ማርስ ለመድረስ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይፈጃል። ሲርቅማ 22 ደቂቃ። የእሱ የሬዲዮ ሰውዬ ግን ገና ሲጠሩት 'አቤት' ይላል!»

ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንዲያ ከሆነማ ሰውዬው ምድር ላይ አይደለም። እዚያው አጠገባቸው ነው። ሳጥኑንም የቀበረው እሱ ነው።»

ሽንኩርቱ ከበደኝ።

ሰውዬው ቶሎ በመለሰ ቁጥር ዳር ላይ «ስህተት!» ብዬ ጽፌአለሁ። ሰባት ቦታ። ደራሲው ሰባት ጊዜ ነግሮኛል ማለት ነው። ያ ሞኝ ባዮሎጂስት እንኳን ጓንቱን ያወለቀው አንዴ ነው።

ደግሞ ልክ ይሁኑ አይሁኑ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ማታ ልጨርሰው ብል የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። ሻጩ ጀርባውን በፕላስተር አሳምሮ ለጥፎ «ሙሉ ነው ወንድሜ፣ እንደ አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም ሳልከፍተው ከፈልኩ።

ትናንት ያው ታክሲ ደረሰኝ። ጥግ ይዤ አቀረቀርኩ። ቀበና ላይ አንዱ «ወራጅ አለ» አለ። ረዳቱ በሩን ያዘና ወደ እኔ ዞረ።

«ፕሮፌሰር፣ ልክፈተው?»