ባንክ የማይቀበለው ገንዘብ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከቤት ስላላስወጣን የሳንቲሞቼን ቆርቆሮ ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ፣ ከልጄና ከሁለት የጎረቤት ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ቆርቆሮው ድሮ ብስኩት የነበረበት ነው፤ አሁን በትንንሽ የወረቀት ፖስታዎች ተሞልቷል። በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ የሳንቲሙን አገር፣ የተቀረጸበትን ዓመት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያመጣልኝን ሰው ስም በእርሳስ እጽፋለሁ። እስካሁን ከአርባ የሚበልጡ አገሮች ገንዘብ ተሰብስቧል፤ ከእነዚህ አገሮች አንዱንም በእግሬ ረግጬው አላውቅም። ሁሉም በሰው እጅ የመጡ ናቸው።

ይህን ያህል ሳንቲም ያለ ምንም ወጪ ሊጠራቀም የቻለበት ምክንያት ቀላል ነው። ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው የወረቀት ገንዘቡን ባንክ ወስዶ ይመነዝራል፤ ሳንቲሙን ግን የሚቀበለው የለም። ባንኩ ሳንቲሙን ቢገዛ መልሶ ወደ አገሩ መላክ ይኖርበታል፤ ብረት ደግሞ ከባድ ስለሆነ የማጓጓዣው ሒሳብ የሳንቲሙን ዋጋ ይበላዋል። ስለዚህ ዝርዝሩ በቦርሳ የጎን ኪስ ወይም በካፖርት ገበር ውስጥ ተረስቶ ይመጣና መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ የማደርገው ነገር ቢኖር ያን መሳቢያ ክፈቱልኝ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ሳንቲሙን የሚሰጠኝ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ሊባል በሚችል መልኩ ከሳንቲሙ ጋር አንድ ታሪክ አብሮ ይሰጠኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳንቲሞች የሰጠችኝ ታላቅ እህቴ እታለም ናት። በ1990 ዓ.ም. ከዱባይ ስትመለስ እኛ ደሴ ነበርን፤ እኔም የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ። አሠሪዋ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ደመወዝ ከልክሎ ስለላካት ይዛው የመጣችው ሻንጣ ቀላል ነበር። ለእማዬ ሻርፕ፣ ለእኔ ጫማ ካወጣች በኋላ ወደ ቦርሳዋ ጎን እጇን ሰድዳ ሁለት ሳንቲሞች መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሁለቱም አንድ አንድ ድርሃም መሆናቸውን ነገረችኝ፤ ነገር ግን አንደኛው ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ነበር። አገሪቱ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ የራሷን ሳንቲም ማውጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1973 እንደሆነና በ1995 ድርሃሟን እንዳሳነሰችው የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በዚያን ዕለት ያስገረመኝ ሌላ ነበር፤ በሁለቱም ላይ አፈ ረጅም የቡና ማፍያ ተቀርጾባቸዋል። ዐረቦች ደላ የሚሉት ነው። እማዬ ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አገላብጣ አየችውና «ጀበና ነው እኮ! ቡናን በገንዘባቸው ላይ ካከበሩ ክፉ ሰዎች አይደሉም ማለት ነው» አለች። እታለም መልስ አልሰጠችም። እኔም ልጅ ስለነበርሁ ዝምታዋን ልብ ያልሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ በሳንቲም ላይ ተከፈተ። ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት የራሳችንን ነበር። እንደ አፈር የምንቆጥራትን አንድ ሳንቲም አተኩሬ ስመለከት በሬዎች ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አገኘሁባት፤ በአሥር ሳንቲሟ ላይ ደጋ አጋዘን፣ በስሙኒው ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ በሁሉም ጀርባ ላይ ደግሞ የአንበሳ ራስ አለ። ዓመቱም በግእዝ አኃዝ ፲፱፻፷፱ ተብሎ ተጽፏል። በየቀኑ በእጄ የሚያልፍ ነገር ይህን ሁሉ ይዞ አለማየቴ ቆጨኝ። ስሙኒና ሽልንግ የሚሉት ስሞችም ቢሆኑ አሁን ከሳንቲሞቹ ጋር ከአፍ እየጠፉ ስለሆነ፣ ልጆቹ ፊት ሆን ብዬ በእነዚያ ስሞች እጠራቸዋለሁ።

በቆርቆሮው ውስጥ ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠው የአያቴ ጠገራ ብር ነው። አያቴ በመቀነቷ ቋጥራ የኖረችውን ይህን ማርትሬዛ ከመሞቷ በፊት ለእኔ ሰጠችኝ። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሲይዙት የእጅን መዳፍ ይሞላል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የተመታው ጠገራ ሁሉ የሚሸከመው ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ነው። በምስሏ ሥር ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ሾብልና ፋቢ የተባሉት የጉንዝቡርግ ከተማ ገንዘብ መምቻ ሹማምንት የስማቸው መነሻ ናቸው፤ እነርሱ ካለፉ በኋላም ፊደላቱ አልተነኩም። ምክንያቱም የእኛ አገርና የቀይ ባሕር ማዶ ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም ነበር። በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምር ነበር፤ ዕንቁው ካልታየ ብሩን ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱትን ብር ሚዛኑን ከማርትሬዛው ጋር ቢያስተካክሉትም፣ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ የለመደውን ሲመርጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ይህንኑ ብር በሮም መምታት ጀመረች። የአያቴ ጠገራ ከየትኛው ከተማ እንደወጣ ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

ስለዚህ ብር የማልረሳው አንድ ጥፋት አለኝ። የ15 ዓመት ልጅ ሳለሁ የጠቆረው ሁሉ እድፍ መስሎኝ በሎሚና በአመድ አሸሁት። ብሩ እንደ መስታወት አበራ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሰፈራችን ለነበሩት አንጥረኛ ጋሼ ሮጬ አሳየኋቸው። እሳቸው በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና «ልጄ፣ የአያትህን እጅ እኮ ነው ያጠብኸው» አሉኝ። ብር በአየር ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ቀስ እያለ የሚለብሰው ጥቁረት ለብረቱ የዕድሜ ልብሱ ነው፤ አመዱ ደግሞ በላዩ ላይ ጭረት ይተዋል፤ ጭረት አይመለስም። ዛሬም ወደ ብርሃን ሳዞረው በንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ የእኔ እጅ የሠራቸው ቀጫጭን መስመሮች ይታዩኛል። ልጆች ሳንቲም ሲሰጡኝ መጀመሪያ የምነግራቸው ነገር እንዳያጥቡት ነው፤ ጠርዙን ይዘው እንጂ ፊቱን በጣት እንዳይነኩት፣ ፒቪሲ ባለበት ለስላሳ ፕላስቲክም እንዳያስቀምጡት ጭምር እነግራቸዋለሁ፤ ያ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ዛሬ ከልጆቹ ጋር የተጫወትነው ዓመት ማንበብ ነበር። አየር መንገድ የምትሠራው የአጎቴ ልጅ ካመጣችልኝ መካከል ሦስቱን መርጬ በተርታ አስቀመጥሁላቸው። የመጀመሪያው የታይላንድ አሥር ባት ነው፤ መሐሉ ቢጫ፣ ዳሩ ነጭ ሆኖ የዋት አሩን ቤተ መቅደስ ተቀርጾበታል፤ በራሳቸው አኃዝ የተጻፈው ዓመት 2551 ይላል። ሁለተኛው የጃፓን አምስት የን ነው። መሐሉ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን የማሽን ጥርስ ከብቦታል፤ ከላዩ የሩዝ ዛላ ዘንበል ብሏል፤ ከሥሩ የውኃ መስመሮች አሉ። ይህም እርሻን፣ ኢንዱስትሪንና ዓሣ ማስገርን ለማሳየት ነው። ዓመቱ በቻይና ፊደል የሄይሴይ ዘመን 20ኛ ዓመት ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው የአሜሪካ ኳርተር (ሩብ ዶላር) ሆኖ ንጉሥ ካሜሃሜሃንና የሃዋይን ደሴቶች ይዟል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ የአምስት ክፍለ አገሮችን ኳርተር ሲያወጡ ቆይተው የጨረሱት በዚህ ነው፤ ዓመቱም 2008 ነው።

ልጆቹን «የትኛው ይበልጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሹ የጎረቤት ልጅ የታይላንዱን አንሥቶ «ይህ ገና አልደረሰም፤ ወደፊት ነው የሚሠራው» አለ። ልጄ ደግሞ የጃፓኑ 20 ዓመት ብቻ ስለሆነ በጣም የድሮ ነው፣ ክርስቶስ ገና ሕፃን ሳለ የተሠራ ነው ብላ ተከራከረች። ታይላንዶች በቡድሃ ዘመን፣ ጃፓኖች በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ስለሚቆጥሩ እንጂ ሦስቱም የተመቱት በአንድ ዓመት እንደሆነ፣ ያም ዓመት እኛ ሚሌኒየማችንን ካከበርን በኋላ የነበረው እንደሆነ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አሉ። ከዚያ ልጄ 1408 የሚለውን የሳዑዲ ሐላላ ከፖስታው አውጥታ በራሷ ማስላት ጀመረች፤ በሒጅራ አቆጣጠር እንደሆነ ካስረዳኋት በኋላ ወረቀት ላይ ደምራና ቀንሳ ወደ 1980 ዓ.ም. ተጠጋች። አሥራ ሦስት ወር የምንቆጥር እኛ ብቻ የተለየን ነን ብላ ታስብ የነበረች ልጅ፣ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ዘመን በገንዘቡ ላይ እንደሚጽፍ በእጇ ይዛ ስታይ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ብርቅ ሳንቲም ይበልጥብኛል።

ከአንድ ዓይነት ሁለት ሲኖረኝ ሁለተኛውን እሰጣለሁ፤ ይህን ሕግ ለራሴ ካወጣሁት ቆይቷል። ዛሬም የጎረቤቱ ልጅ የኬንያን ሳንቲሞች መረጠ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በገንዘቧ ላይ የማንም ግለሰብ ምስል እንዳይወጣ ስለደነገገች፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣቻቸው ሳንቲሞች የአራዊት ናቸው፤ ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ አንበሳና ዝሆን። ልጁ አንበሳውን ከእኛው አንበሳ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ሲያስተያይ ቆየና የእኛን መረጠ። ባዶ እጁን ግን አልመጣም ነበር፤ አባቱ ከጅቡቲ መንገድ ያመጣለትን፣ ሁለት ግመሎች ያሉበትን የጅቡቲ ፍራንክ ሰጠኝ። በፖስታው ላይ የልጁን ስም ስጽፍ ፊቱ የበራበትን ሁኔታ መግለጽ ይከብደኛል።

ብዙ ሰው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ይጠይቀኛል። አንድ የድሮ ሳንቲም በሚሊዮን እንደሚሸጥ የሚነገረው ወሬ ስንቱን ሰው ተስፋ እንደሚያስቆርጥ ስለማውቅ እውነቱን ሳልሸፍን እናገራለሁ፤ ማርትሬዛ እንኳ በመቶ ሚሊዮኖች የተመታ ስለሆነ ዋጋው ከብሩ ዋጋ ብዙ አይርቅም። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው የአክሱም ሳንቲም ነው ያለውን ትንሽ መዳብ ሊሸጥልኝ መጥቶ ነበር። እውነተኛ ከሆነ መገኘት ያለበት ከሙዚየም እንጂ ከእኔ ቆርቆሮ አይደለም ብዬ መለስሁት። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የራሱን ገንዘብ የመታ፣ በኢዛና ዘመን ጨረቃውን በመስቀል የተካ፣ «ይህ ለአገር ደስ ያሰኝ» ብሎ በገንዘቡ ላይ የጻፈ መንግሥት የተወልን ነገር ከተቆፈረበት ቦታ ተነጥሎ በኪስ ሲዞር ታሪኩ ይጠፋል። የእኔ ስብስብ ሰው በኪሱ ረስቶ ያመጣው ብቻ ይሁን ብዬ ወስኛለሁ።

ማምሻውን ዝናቡ ሲያባራ እታለም ቡና ልትጠጣ መጣች። ልጄ ገና ከምንጣፉ ያልተነሡትን ፖስታዎች እያሳየቻት ሳለ አንደኛውን ፖስታ፣ ትልቁ ድርሃም ያለበትን፣ እጇ ላይ አደረገችላት። እታለም አውጥታ ጠርዙን ይዛ አየችው። «እስከ ዛሬ አለ?» አለችኝ። አለ አልኋት። ከዚያም በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሄደችበት ቀን አምስት ሳንቲም በእጇ አልነበረም። ከጎረቤት ቤት የምትሠራ አንዲት ያገር ልጅ በሩ ላይ ደርሳባት «መንገድ ላይ ውኃ ጠጪበት» ብላ የአምስት ድርሃም ወረቀት አስጨበጠቻት። እታለም ዳቦና ውኃ ገዛችበት፤ ሁለቱ ሳንቲሞች የዚያ መልስ ናቸው።

ፖስታውን አገላብጬ አየሁት። በልጅነት ጽሕፈቴ «ያመጣው፦ እታለም» ይላል። እርሳሱን ሰጠኋት፤ ከሥሩ «የሰጠችኝ፦» ብላ ጻፈችና ቆመች። ልጄ «ስሟ ማን ነበር?» አለቻት። እታለም እርሳሱን እንደያዘች፣ ቶናው ተቀድቶ እስኪቀርብላት ድረስ ስሙን ስታስታውስ ቆየች።