የሄደውን ዚንክ መከተል

ስለ ዚንክ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ መደበቁ ነው። መዳብ ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ወርቅ በገበቴ ታጥቦ ይወጣል። ዚንክ ግን ዝናብና አየር ሲያገኘው ሟሙቶ ይሄዳል። መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ የዚንክ ፍለጋ ከተጀመረ ሥራው በአብዛኛው የሄደውን መከተል ነው።

ጥፋቱ የፓይራይት ነው። ይህ የብረትና የድኝ ማዕድን ለውሃና ለኦክስጅን ሲጋለጥ ሰልፈሪክ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ አጠገቡ ያለውን ስፋለራይት፣ ማለትም ዋናውን የዚንክ ማዕድን፣ ይበላዋል፤ ዚንኩም ከውሃው ጋር ይወርዳል። ላይ የሚቀረው እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ፣ ቡናማና ቀይ የብረት ዝገት ቆብ ነው፤ በሙያው ጎሳን ይባላል። እርሳስ ግን አይከተልም። የእርሳስ ሰልፌትና ካርቦኔት በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሙ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ የጎሳን ናሙና ዚንኩ ጥቂት መቶ ፒፒኤም (ፒፒኤም ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው) ብቻ ሆኖ እርሳሱ 1 ወይም 2 በመቶ ከሆነ፣ ቦታውን «ዚንክ የለውም» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። ያ ውጤት ከሥር እንዲታይ የሚጋብዝ ነው።

የኖራ ድንጋይ ወይም ዘመዱ ዶሎማይት ባለበት ነገሩ ይለወጣል። አሲዱን ድንጋዩ ራሱ ያበርደዋል፤ ዚንኩም ሩቅ ሳይሄድ ስሚዝሶናይት ወይም ሄሚሞርፋይት የሚባል ሌላ የዚንክ ማዕድን ሆኖ ይቀመጣል። ንጹሕ ስሚዝሶናይት 52 በመቶ ዚንክ አለው፤ መልኩ ግን ነጭ፣ ግራጫ ወይም አፈር የመሰለ ቡናማ ስለሆነ ሰው ረግጦት ያልፋል። እጅ ግን ያውቀዋል። ጥግግቱ ከውሃ 4.4 እጥፍ አካባቢ ነው፤ የዶሎማይት 2.85 ነው። ሁለቱን በሁለት እጅ ይዞ መመዘን ብዙ ጊዜ ከዓይን ይሻላል። ለማረጋገጥ ሁለት ጠርሙስ ይበቃል፦ በአንዱ 3 በመቶ ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ፣ በሌላው 3 በመቶ ኦክሳሊክ አሲድ ከጥቂት ዳይኢቲል አኒሊን ጋር። ሁለቱ ድንጋዩ ላይ ሲገናኙ ኦክሳይድ የሆነ ዚንክ ካለ ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። ትኩስ ስፋለራይት ላይ ግን አይታመንም። ፌሪሲያናይዱን ከጠንካራ አሲድ አጠገብ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣ ይችላል።

የአላስካው የዚንክ ማዕድን ማውጫ፣ ሬድ ዶግ፣ ሁልጊዜ ይመላለስብኛል። ቦብ ቤከር የሚባል አብራሪ ከአየር ላይ ዝገት የመሰለ ቀለም ያለው የጅረት ሸለቆ አየ፤ ስፍራው በውሻው ስም ተጠራ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረባ የነበረው ኢርቭ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1968 ናሙና ወሰደ፤ ውጤቱ በ1970 ወጣ። ማዕድኑ መመረት የጀመረው በ1989 ነው። ምልክቱ በግልጽ እየታየ እንኳ ይህን ያህል ጊዜ ወሰደ።

ጅረቱን ተከትሎ ደለል ሲሰበሰብ በመጀመሪያው ዙር ከ1 እስከ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚሆን ተፋሰስ አንድ ናሙና ይበቃል፤ የሚፈለገው 0.18 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት የሚያልፈው ደቃቅ ነው። በምድር ቅርፊት ያለው የዚንክ መጠን በአማካይ 70 ፒፒኤም ገደማ ስለሆነ ትንሽ ብክለት ብዙ ያታልላል። እዚህ ላይ በጣም ጥብቅ ነኝ። በዚንክ የተለበጠ ባልዲ፣ አካፋም ሆነ ወንፊት ወደ ጅረቱ መቅረብ የለበትም። የጣት ቀለበት ይውለቅ። ብዙ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ዚንክ ኦክሳይድ ስላለባቸው፣ ተቀብቶ በባዶ እጅ ናሙና መንካት ናሙናውን መበከል ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ከፍ ያለ ቁጥር ሲመጣ ማንጋኒዙን ሳላይ አላምነውም። ድንጋይ ላይ የሚጋገረው ጥቁር የማንጋኒዝና የብረት ቅርፊት በውሃው ያለፈውን ዚንክ እየለቀመ ስለሚይዝ፣ ሁለቱ አብረው ከወጡና አብረው ከወረዱ የታየው ቅርፊቱ ሊሆን ይችላል።

በናሙናው ያለውን ብረታ ብረት እዚያው የሚለካው፣ በእጅ የሚያዘው ኤክስሬይ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ያግዛል፤ ግን እርጥብ አፈር ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል፣ የእርሳስና የአርሴኒክ ጨረርም አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል። የትኛውን ጉድጓድ እንደምናስቀድም ለመምረጥ ጥሩ ነው፤ የላቦራቶሪ ውጤትን ግን አይተካም።

ከጂኦፊዚክስ፣ ማለትም ከሥር ያለውን ሳይቆፍሩ ከመለካት፣ የሚጠበቀው ነገር ብዙ ጊዜ ከልክ ያለፈ ነው። ስፋለራይት ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም። የኤሌክትሮማግኔቲክ መሣሪያው የሚያየው አብረውት ያሉትን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ማዕድናት፣ ፒሮታይትን ወይም ካልኮፓይራይትን፣ ነው፤ ግራፋይት ያለበት ጥቁር ሼል (ከጭቃ የተሠራ ድንጋይ) ደግሞ ያለ ምንም ማዕድን ያንኑ ምልክት ይሰጣል። የስበት ልኬት ቀርፋፋ ቢሆንም ክብደትን በቀጥታ ስለሚያይ እሱን አስቀድማለሁ።

ቁፋሮ ላይ ገንዘቡም ስህተቱም ይከብዳል። ስፋለራይት ተሰባሪ ነው፤ የውሃው ግፊት ከበዛ ታጥቦ ይሄዳል። 3 ሜትር ተቆፍሮ 2.1 ሜትር ኮር (ከጉድጓዱ የሚወጣው የድንጋይ ዘንግ) ብቻ ከወጣ የጎደለው 30 በመቶ ሀብታሙ ክፍል ሊሆን ስለሚችል፣ በአንድ ጊዜ የሚቆፈረውን ርዝመት ወደ 1.5 ሜትር ማሳጠር፣ ግፊቱን መቀነስና ኮሩን የሚጠብቅ ባለ ሦስት ቱቦ በርሜል መጠቀም ያስፈልጋል። ዶሎማይት ውስጥ ዋሻ ሲገጥም ውሃው በሙሉ ይጠፋል፣ የመቆፈሪያው ዘንግም ተቀርቅሮ ሊያዝ ይችላል። የዘንጎቹን ጥርስ ለማለስለስ የሚቀባው ግሪስ አንዳንዱ የዚንክ ወይም የእርሳስ ዱቄት አለበት፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ወደ ቦታው ማስገባት አይገባም። ውፍረት ሲነገርም ማዕዘኑ ይጠየቅ፦ ንብብሩ ከኮሩ ዘንግ ጋር 30 ዲግሪ ከሠራ፣ የተነገረው 10 ሜትር በእውነተኛ ውፍረት 5 ሜትር ነው።

ጥሩ የዚንክ መቶኛ ብቻውን አያዋጣም። የአውስትራሊያው ማካርተር ሪቨር የዚንክ ክምችት እ.ኤ.አ. በ1955 ተገኝቶ በስፋት መመረት የጀመረው በ1995 ነው፤ ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ዚንኩን ለመለየት እስከ 7 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) መፍጨት አስፈለገ። ስለዚህ ኮሩን በአጉሊ መነጽር ማየት እስከ መጨረሻ የሚቆይ ሥራ መሆን የለበትም። ርቀቱም እንዲሁ። 10 በመቶ ዚንክ ካለው 100 ቶን ድንጋይ 85 በመቶው ቢለይና 53 በመቶ ዚንክ ያለው ኮንሰንትሬት፣ ማለትም ከድንጋዩ የተለየ የማዕድን ዱቄት፣ ቢሠራ 16 ቶን ደረቅ ዱቄት ይሆናል፤ በእርጥበቱ ምክንያት የሚጓጓዘው ከዚያ ይበልጣል። ወርቅ በሻንጣ ይወጣል፤ ይህ ግን መንገድና ወደብ ይፈልጋል። የሬድ ዶግ ወደብ በዓመት 100 ቀን ገደማ ብቻ ነው መርከብ የሚጫንበት፤ የቀረውን ጊዜ ምርቱ በትልልቅ መጋዘን ይከማቻል።

የመጀመሪያው መቆፈሪያ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ውሃው ይለካ። ሬድ ዶግ ጅረት ማንም ሳይነካው በፊት በተፈጥሮው ብረታ ብረት የበዛበትና ዓሣ የማይኖርበት ነበር፤ ይህ ቀድሞ ካልተመዘገበ በኋላ ማን ምን እንዳበላሸ መለየት አይቻልም። ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መጠን) እዚያው በቦታው ይነበብ፤ ውሃው በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አልፎ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበት፤ በዝናብም በደረቅም ወቅት ከዚያው ነጥብ በድጋሚ ይወሰድ።